ሐረጎን ሲወርድ የሚሞት ማሽን

ከባለቤቴ ከይመር ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ተራ ነገር ካርቶን መክፈት ነው። እሱ ቢላ አንስቷል፤ እኔ ደግሞ ፕላስተሩ በጥፍር ቀስ ተብሎ ይነሳ ብዬ ካርቶኑ ላይ ተደፍቻለሁ። ለእኔ ካርቶን ራሱን የቻለ ንብረት ነው። ቁም ሳጥናችን ላይ የካውያው፣ የብሌንደሩ፣ ከተጣለ የሰነበተው የሬዲዮ ካርቶን ሳይቀር እንደ ፎቅ ተደርድረው ይታያሉ።

"ቢበላሽ በምን አድርገን እንመልሰዋለን?" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ፣ ገና ሳይከፈት መመለሱን!" ብሎ ሳቀ። ቢላውን ግን አስቀመጠ። ፕላስተሩን በጥፍሬ አንስቼ እስክጨርስ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ መኪናው ተጭኖ እስኪያልቅ እንደሚጠብቅ ሹፌር ያፏጭ ነበር።

ከካርቶኑ የወጣው የጌም ማሽን ነው። ጌም ቤት ገብቶ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ እኔም ገና እየተረዳሁት ስለሆነ አብረን እናዘግማለን። ማሽኑ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ጆይስቲክ የሚባል በሁለት እጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ አለው። ወጣቶች እሱን ጨብጠው ኳስ ይጫወታሉ። ኳሱ የለም፣ ሜዳው የለም፤ ላቡና ጭቅጭቁ ግን አለ።

ይመር ድሮ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ወገቡ እምቢ ሲለው መሪውን ተወና ኮምቦልቻ፣ ታላቅ ወንድሙ ግቢ ውስጥ ካሉት የመንገድ ዳር ክፍሎች በአንዷ ጌም ቤት ከፈተ። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነው። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ማታ ዳገቱን ይመለሳል። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ለአስተማሪ ጌም ቤት ማለት የቤት ሥራ የሚቀበርበት ቦታ ነው። እሱ ግን "ልጆቹ ሲጣሉ የማስታርቃቸው እኔ ነኝ፤ እኔም አስተማሪ ነኝ" ይለኝ ነበር።

ይህ አዲስ ማሽን በውጭ አገር ለገበያ መቅረቡ ገና መሰማቱ ነበር። ይመር ሁለቱን አሮጌ ማሽኖቹን ሸጠና በድሮ የሹፌር ጓደኞቹ በኩል ከዱባይ በጅቡቲ አስመጣው። "በኮምቦልቻ የመጀመሪያው እኔ ነኝ!" አለ። የመጀመሪያ መሆን አንዳንዴ ዕድል ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ድልድዩ ይችል እንደሆነ ለማየት ቀድሞ የሚነዳው መኪና መሆን ነው።

ያን ዕለት ሳሎናችን ውስጥ ሞከረው። ሠራ። አንድ ጨዋታ ተጫውቶ ተሸነፈ፤ ከማን ጋር እንደተጫወተ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በማግስቱ ይዞት ወረደ። ማሽኑን ገና ለልጆቹ ሳይከፍት፣ ሳምንቱ ሳይሞላ፣ ለቀትሩ የዙህር ሰላት ታጥቦ፣ ዉዱእ አድርጎ ሲነሳ፣ ልቡ ቀጥ አለች። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ጀምሬ አይቼዋለሁ።

ኢዳ ተቀመጥኩ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ሳትኳኳል፣ ወዲያ ወዲህ ሳትል፣ በቤቷ ትቆያለች። እንግዲህ ይህ ሁሉ ወሬ የደረሰው እኔ ከቤት በማልወጣበት ጊዜ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ኮምቦልቻ የሆነውን ነገር ያየሁት በጆሮዬ ነው። ግራ ሲገባኝ ግራ ብትጋቡ አትፍረዱብኝ።

ለቀስተኛው ቀለል ሲል የይመር ታላቅ ወንድም አያ ሙሄ መጡ። ሲሚንቶና ብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው፤ ክፍሏም የሳቸው ናት። ቁርኣን አስቀሩ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ቀጥሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ጉሮሮ ከነጋዴ ጋር የኖረ ሰው ያውቀዋል።

"እታለም፣ ክፍሏን ለሲሚንቶ እፈልጋታለሁ" አሉ። "እሱ እያለ ዝም ያልኩት ወንድሜ ስለሆነ ነው። ጨዋታ ቤት ለሟች ምን ያደርግለታል? ሶደቃ አይሆነው፣ ዱዓ አይሆነው።"

"የይመር ቤት ናት፣ አያ ሙሄ" አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና፣ "እሺ። ጌም ቤቱን እህታችን ዘሀራ ትያዘው። ኢዳሽ እስኪያልቅ ማሽኑ ከሠራ ክፍሏ ጌም ቤት እንደሆነች ትቀጥል። ካልሠራ ግን ባዶ ክፍል አላስቀምጥም፤ ሲሚንቶ ይገባበታል" አሉ። በዚህ ተስማማን።

ለምን ሙጭጭ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ጌም አልወድም። ነገር ግን ይመር ጠዋት ከዚህ ቤት ወጥቶ የሚሄደው ወደዚያች ክፍል ነበር። በሯ ክፍት እስከሆነ ድረስ የሞተ አይመስለኝም ነበር፤ የሄደ ነበር የሚመስለኝ። የተማረች ሴት እንዲህ ታስባለች ወይ ትሉ ይሆናል። ታስባለች።

ዘሀራ የይመር ታናሽ እህት ናት። ኮምቦልቻ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ አፏም ከሸቀጧ ጋር ይስማማል። የጌም ቤቱን በር በከፈተች ዕለት ረፋዱ ላይ ደወለች።

"እታለም፣ ቀይ አበራ!"

"ምኑ?"

"ማሽኑ ነዋ! እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ቆየና ቀይ አብርቶ ጸጥ አለ። ወላሂ አልነካሁትም! ልጆቹ ጨዋታው መሀል ላይ ነበሩ፤ አሁን ማን እንዳሸነፈ እየተደባደቡ ነው።"

"አጥፍተሽ አብሪው።"

"አብርቼዋለሁ እኮ። ያበራል፣ ያጓራል፣ ይሞታል። እንደ አያ ሙሄ መኪና።"

ከሰዓት በኋላ ማሽኑን በጋቢ ጠቅልላ ይዛው ወጣች። ሚኒባስ ውስጥ ታቅፋው ስለነበር አጠገቧ የተቀመጠች ሴት "ኸረ ልጁን አታፍኚው፣ ገለጥ አድርጊለት፣ ነፋስ ያግኝ" ብላታለች። ኋላ ሳስበው፣ በዚያ ሰሞን ስለ ማሽኑ እውነቱን የተናገረች ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ለመሞከር ቴሌቪዥን ያስፈልጋል። ቴሌቪዥናችን ደግሞ እንደ ሐዘን ቤት ወጉ በነጠላ ተሸፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ሁለታችን በር ዘግተን፣ እንደ ሌባ ተንሾካሹከን ገለጥነው። ዘሀራ ሶኬቱን ሰካች። ማሽኑ በራ። ቀይ የለም፣ ማጓራት የለም። በሁለት እጇ ጆይስቲኩን ያዘችና በደስታ የማታውቀውን ሁሉ ተጫነች። ድምፁ እስከ መጨረሻው መከፈቱን ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው። ስታዲየም ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ባሏ በሞተባት ሴት ሳሎን ውስጥ "ጎ…ል!" ብሎ ጮኸ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ እትዬ አበበች ናቸው፤ የሐዘን እራት በሰፌድ ይዘው መጥተዋል። በሩ ላይ ቆሙና አማተቡ።

"በስመ አብ! እዚህ ቤት ጎል ገባ እንዴ?"

"ማሽን እየሞከርን ነው፣ እትዬ" አልኩ፣ ፊቴ ተቃጥሎ።

"ይሁን ልጄ፤ ሐዘን እንደየሰው ነው" አሉና ሰፌዱን አስቀመጡ። ቁጭም አሉ። "ስንት ለስንት ነው?"

ማሽኑ እስኪመሽ ሠራ። ዘሀራ በማግስቱ ደስ ብሏት ይዛው ወረደች። እኩለ ቀን ሳይሆን ስልኬ ጮኸ።

"እታለም፣ ቀይ አበራ!"

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ብጽፍ እናንተም እንደ ዘሀራ ዳገት መውጣትና መውረድ ይሰለቻችኋል። በአጭሩ፣ ኮምቦልቻ ላይ ይሞታል፤ ሆጤ ሲደርስ ይነሳል። የሚኒባሱ ረዳት ዘሀራን "የማሽን እናት" ብሎ ጠራት። ደሴ ፒያሳ ላለ ጠጋኝም ዘሀራ አሳይታዋለች። ከፍቶ አየው፣ እፍ አለበት፣ ገጠመው፣ እሱ ዘንድም ፏ ብሎ ሠራ። "ጤነኛውን ታሟል እያላችሁ አታምጡብኝ" ብሎ መለሳት። ዘሀራ ተናዳ "ቀን እኔ ቤት መጥተህ እየው!" ብትለው፣ ቀልደኛ ሰው ነበርና "ለምን ሴትዮ፣ ባልሽ ምን ይለኛል?" አላት። ዘሀራ ከመለሰችለት ውስጥ የሚጻፍ ቃል አላገኘሁም።

ይባስ ብሎ ጆይስቲኩ ሌላ አመል አወጣ። ማንም ሳይነካው ተጫዋቹን ወደ ግራ ይወስደዋል። አሥሩ ተጫዋቾች ይራወጣሉ፤ አንዱ ግን ኳሱንም ሰዉንም ትቶ በዝግታ ወደ ሜዳው ጥግ ይሄዳል። ጥጉ ላይ ሲደርስ ይቆምና እዚያው ቦታ ላይ ይራመዳል። አንድ ቀን ብቻዬን ሳለሁ ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ምን ብዬ ላስረዳችሁ፣ ያን ሰው አውቀዋለሁ። እኔ ነበርኩ።

መላ ምቱ ደግሞ በየዓይነቱ ነው። ዘሀራ "ዓይን ነው" አለች፤ ኮምቦልቻ ላይ ሌሎች ጌም ቤቶች አሉ፤ የመጀመሪያውን አዲስ ማሽን ማየት ያልተመኘ የለም። እንዲያውም አንድ ሸህ ዘንድ ሄዳ ዱዓ ያድርጉልኝ ብላቸው ነበር። "ታማሚው ማን ነው?" አሏት። "ማሽን ነው" አለች። ሸሁ ለረጅም ጊዜ አይተዋት "ልጄ፣ አንቺስ ደህና ነሽ?" ብለው ዱዓውን ለእሷ አደረጉላት።

የእትዬ አበበች ግን ከሁሉም የከረረ ነበር። ሁለት ነገር እኩል ያምናሉ፤ ጸበልንና የራሳቸውን ሐሳብ። ጸበሉን "በኤሌክትሪክ ላይ ውሃ አይረጭም" ብዬ ስከለክላቸው ወደ ሁለተኛው ሄዱ።

"እኔ ልንገርሽ? ይሄ ዕቃ እንዳንቺ ተቀምጧል።"

"ምን ተቀምጧል?"

"ያን የናንተን ሥርዓት ነዋ። ኢዳ። ጌታው ሞተበት፤ ከዚህ ቤት አልወጣም አለ። ሲያስወጡት ይሞታል፣ ሲመልሱት ይድናል። ምን ያደናግራችኋል?"

ሳቅሁ። ከይመር ሞት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነበርና እኔም፣ ዘሀራም፣ እትዬ አበበችም ደነገጥን። ኋላ ብቻዬን ስሆን ግን ሳቁን ትቼ ማሰብ ጀመርኩ። ማሽኑን በዳንቴል ሸፍኜ፣ ዳንቴሉን መልሼ አንስቼ፣ "እውነት ተቀምጠህ ነው?" አልኩት። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ ብያችኋለሁ አይደል? እንዲያም ሆኖ አልኩት።

የኢዳዬ ማብቂያ እየቀረበ ሲመጣ አያ ሙሄ ሊያረጋግጡ ደሴ ወጡ። ማሽኑ ኮምቦልቻ ላይ እንደማይሠራ ሰምተዋል። ሲሚንቶውንም አዘዋል መሰለኝ፣ ፊታቸው የተረጋጋ ነበር። ዘሀራና እትዬ አበበች አሉ። ማሽኑ ተሰካ፣ በራ።

"ይኸው ይሠራል" አልኩ።

"እዚህ ይሠራል" አሉ። "ክፍሏ ያለችው ግን ኮምቦልቻ ነው። ለመሆኑ ይሄ ነገር ምኑ ነው ጎረምሳውን ሁሉ ያፈዘዘው?"

ዘሀራ ጆይስቲኩን እጃቸው ላይ አኖረች። "ይቺን ሲጫኑ ይመታል፣ ይቺን ሲጫኑ ያቀብላል፣ አያ ሙሄ።"

"እኔ? አስተግፊሩላህ!" አሉ። ጆይስቲኩን ግን አልመለሱም።

መጀመሪያ ላይ ጣታቸው ድንጋይ ነበር። ቀስ በቀስ ጥምጣማቸው ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ከሶፋው ጫፍ ላይ ተገኙ። "አቀብል! አቀብለው ብያለሁ!" ያ ወደ ጥግ የሚሄደው ተጫዋች ሲሄድባቸው ደግሞ ደማቸው ፈላ። "ወዴት ነው? ኧረ ወዴት ነው! የማን ልጅ ነው ይሄ? ተመለስ አንተ!"

"አይሰማም፣ አያ ሙሄ።"

"ይሰማል! ንቆኝ ነው!"

አንድ ጎል ሲያገቡ ብድግ ብለው ግራ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ሰደዱ፤ ወዲያው ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ አላቸውና እጁን ወደ ዱዓ ለወጡት። "አላህ ይርሐመው" አሉ፣ እያለከለኩ። እትዬ አበበች "አሜን። አንድ ለዜሮ" አሉ።

የአስር ሰላት ተሰገደ፣ የምሽቱ መግሪብ ደረሰ። ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው እንደመጀመሪያው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እዚያም እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል ወይ?" አሉኝ። ጉሮሮው ያው ነው፤ ነገሩ ግን ሌላ ሆኗል።

ያን ዕለት ነበር የገባኝ፣ ወይም የገባኝ የመሰለኝ። ውጭ የጦሳ ተራራ ጭጋግ እስከ መስኮታችን ወርዶ፣ ዘሀራ ጋቢዋን ትለብሳለች። "እዚህ እንዴት ትችሉታላችሁ፣ እኛ ዘንድ እኮ ቆርቆሮው እሳት ነው" አለች። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልኩ የጻፍኩት እኔ! ኮምቦልቻ እንደ መጽሐፉ ወይና ደጋ ነው፤ ያቺ ክፍል ግን መስኮት የሌላት ባለ ቆርቆሮ ስለሆነች ብቻዋን ቆላ ናት። ማሽኑ ደገኛ ነው! ሙቀት አይችልም!

በደስታ አያ ሙሄ ዘንድ ደወልኩ። "ማሽኑ ብርድ ነው የሚፈልገው" አልኳቸው። ይህን ዓረፍተ ነገር እዚያው አቁሜ ስልኩን መዝጋቴ ዋጋ አስከፈለን። "መስኮት ይከፈትለት" ማለቴ ነበር። አያ ሙሄ ግን ነጋዴ ናቸው፤ ብርድ የሚባለው ዕቃ የት እንደሚገኝ ያውቃሉ።

በማግስቱ ዘሀራ ደወለች፤ ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል።

"እታለም፣ አስገባነው!"

"የት?"

"ፍሪጅ ውስጥ! አያ ሙሄ ከለስላሳ መጠጥ ሻጩ ተውሰው አስመጡ፤ ያ በሩ መስታወት የሆነው። ከጠርሙሶቹ አጠገብ ጉብ ብሏል። ኧረ ሲያምር!"

"ዘሀራ፣ ፍሪጅ?"

"ሽቦው በበሩ ላስቲክ በኩል ወጥቷል። በሩ ትንሽ አልገጥም ብሏል እንጂ…"

ከኋላ የአያ ሙሄ ድምፅ መጣ። "ዝጉት! ብርዱን አታስወጡት! አንተ፣ በሩን ደገፍ አድርግ!"

"ሠራ ወይ?" አልኩ።

"ሠራ! ወላሂ ሠራ! ቀይ የለም! አያ ሙሄ ይዘውታል፣ ልጆቹ ቆመው ያያሉ። ይመር ይሄን ባየ!"

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከወዲያ ማዶ ያ የስታዲየም ጩኸት፣ የልጆቹ ሳቅ፣ የወንበር ኳኳታ፤ የይመር ክፍል ልክ እሱ ሲደውልልኝ እንደምሰማት ሆና ተሰማችኝ። "ደርሻለሁ፣ ምሳዬን በላሁ" የሚለኝ ጊዜ የነበረው ጫጫታ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ።

"እታለም፣ አለሽ?"

"አለሁ።"

"አላበው።"

"ምን?"

"ማሽኑ። ላብ ላብ ብሎታል። ወዙ ቁልቁል ይወርዳል።"

"ውሃ ነው! ዘሀራ፣ ሶኬቱን ንቀይው!"

"አያ ሙሄ፣ ይነቀል ትላለች!" ስትል ሰማሁ።

"አሁን? ሁለት ለሁለት ሆነን?" አሉ አያ ሙሄ። "ይቺን ብቻ!"

ከዚያ 'ጧ' አለ። ጫጫታው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። ቀጥሎ ስልኩን የያዙት አያ ሙሄ ነበሩ። ድምፃቸው የአያ ሙሄ አልነበረም፤ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ድምፅ ነው።

"እታለም፣ ይሄ ዕቃ ውሃ አይችልም እንዴ?"

በዚያው ዕለት፣ የአስር ሰላት ሰግጄ ገና ከመስገጃው ሳልነሳ፣ ዱባይ የምትሠራው የወንድሜ ልጅ ሙና ደወለች። ስለ ማሽኑ ከነገርኳት ቆይቷል።

"አክስቴ፣ ያንን ማሽን እንዳትነኩት! አሁን ነው የሰማሁት። ድርጅቱ ለበዓል ገበያ ላድርስ ብሎ ተጣድፎ፣ በደንብ ሳይፈትነው ነው ያወጣው። ሙቀቱን የሚያስወጣው ማራገቢያ አቅም የለውም። ጆይስቲኩም ብልሽት አለበት፣ ብቻውን ይሄዳል።"

"ወደ ግራ።"

"አዎ! እዚህ ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰልፎ እየመለሰ ነው። አዲስ ይሰጣሉ። ካርቶኑ አለሽ?"

"ካርቶኑማ አለ" አልኩ። ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር፤ መጥቶ ግን ደስ አላለኝም። "ሁሉንም ነው የሚቀይሩት?"

"ሁሉንም። ውሃ የነካውን ብቻ ነው የማይቀበሉት። ያው ማን ውሃ ያስነካዋል?"

ለሙና ስለ ፍሪጁ ነገርኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው። ቀጥላ አለቀሰች፤ ይመርን ትወደው ነበር። እኔ የቱን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ መስገጃውን አጠፍኩ።

ብዙ ነገር አስቤ ነበር። ጋቢው ይሆን? ዳንቴሉ ይሆን? ዓይን ይሆን? ዘሀራ ስትሮጥ አናግታው ይሆን? ይመር ሲወርድ እንዲጠነቀቅ ሳልነግረው ቀርቼ ይሆን? ለካ ከመጀመሪያው፣ ከሠሪው እጅ ሲወጣ ነው እንዲያ የሆነው። እኛ እዚህ ተሸክመነው ስንወጣ ስንወርድ፣ በማናውቀው አገር ሌሎች ሰዎችም እያበሩ እያጠፉ "ምን አድርጌው ነው?" ይሉ ነበር። ሐኪሙም ስለ ይመር ልብ ሲነግረኝ "የቆየ ነው፤ እናንተ ያጎደላችሁት ነገር የለም" ብሎኝ ነበር። ያኔ አልገባኝም። አሁን ገባኝ ብል እዋሻለሁ። ግን ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ትንሽ ቆየሁ።

ኢዳዬ አለቀ። ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አያ ሙሄ ክፍሏ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ጉሮሯቸውን አልጠረጉም። ቁልፉን ዘረጉልኝ።

"ያንቺ ናት" አሉ። "ማሽኑን የገደልኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በስምምነታችን ልይዝሽ አልችልም። ያሻሽን አድርጊባት፤ ቢያሻሽ ዘግተሽ አስቀምጫት።"

"እርስዎ ምን ያድርጉ፣ አያ ሙሄ። ሲመጣም እንዲያ ነበር" አልኳቸው።

ከፈትኩት። ቴሌቪዥኑ አለ። አግዳሚ ወንበሮቹ አሉ፤ ግድግዳው ላይ ልጆች በእርሳስ የጻፉት ስም አለ። ከሆጤ ስነሳ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ሐሳብ ይዤ ነበር የወረድኩት፤ በሩን ስከፍት ይመር እዚያ ይኖራል የሚል። አልነበረም። ሞቃት ክፍል ነበረች። መሀል ላይ ቆምኩ፤ አያ ሙሄም ውጭ ቆሙ፤ ሁለታችንም አላለቀስንም።

በዚህ መሀል የአንድ ሰው ጥላ በሩ ላይ አረፈ። አህያ ይነዳል። "አሰላሙ አለይኩም። ሲሚንቶ እዚህ ይሸጣል ተብዬ ነበር" አለ።

አያ ሙሄ መሬት መሬት አዩ። "ቀደም ብዬ ለሰው ተናግሬ ነበር… ተወው፣ ወዲያ መጋዘኑ ጋ ሂድ" አሉት።

"ቆይ" አልኩ። "ስንት ከረጢት ነው የፈለግኸው?"

አሁን ኮምቦልቻ፣ የክፍሏን በር ከፍቼ፣ ሲሚንቶ እሸጣለሁ።